ቢራቢሮው እውነት ነው? የክፍልፋይ ኬዎስ ፔፐርን በእጅ ሰርቶ፣ በኮድ ፈትሾ ማንበቢያ መመሪያ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲው አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ማስተርሷን የምትሰራ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ስክሪኑ ላይ ቢራቢሮ አለ። ሁለት ክንፍ፣ እርስ በርሱ የሚዞር ክር የመሰለ መስመር። የሎሬንዝ ሲስተም ነው፣ ኬዎስ (ትንሽ የመነሻ ልዩነት ወደ ትልቅ ልዩነት የሚያድግበት ባህርይ) የሚታይበት የታወቀ የሦስት እኩልታ ስብስብ፤ ግን የዴሪቬቲቩ ኦርደር 1 አይደለም፣ 0.98 ነው።

«ጋሼ፣ ፔፐሩ ላይ ያለው ስዕል ቁጭ አለልኝ!» አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

«ስቴፑን ስንት አደረግሽው?» አልኳት፤ ስሌቱ በጊዜ ላይ በየስንቱ እንደሚራመድ መጠየቄ ነው።

«0.01።»

«እስቲ 0.001 አድርጊውና እንደገና ራን አድርጊው።»

የላፕቶፑ ፋን መጮህ ጀመረ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ስዕሉ ሲወጣ ቢራቢሮ የለም። አንደኛው ክንፍ ላይ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ መሃል ላይ የቆመ ጥምዝ ብቻ።

«ውይ፣ አበላሸሁት እንዴ?»

አላበላሸችም። የተበላሸው የመጀመሪያው ነበር። ለምን እንደሆነ እዚያው ናፕኪን ላይ ሰራነው። በዚህ ርዕስ ላይ የሚወጣው ፔፐር ብዙ ነው፤ ተመሳሳይ ነገር የሚጠይቀኝም ብዙ ሰው ነው። ስለዚህ ናፕኪኑን ዘርዘር አድርጌ ጻፍኩት። የሚያስፈልጋችሁ የአንደኛ ዓመት ካልኩለስ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ፓይተን ያለበት ኮምፒውተር ነው። ማትላብም ይሆናል።

እርምጃ 1፦ ነገሩን በአንድ ምሳሌ ያዙት

አንደኛ ዴሪቬቲቭ አለ፣ ሁለተኛ አለ። ግማሽኛስ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ላይብኒዝ መስከረም 30 ቀን 1695 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ለሎፒታል በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንስቶታል። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፣ ግን አንድ ቀን ጠቃሚ ውጤት ይወጣዋል ብሎ ነበር። ሊዩቪል በ1832፣ ሪማን በ1847፣ ግሩንቫልድ በ1867፣ ሌትኒኮቭ በ1868 ወግ ያለው ትርጉም ሰጡት።

ቀላሉ መግቢያ ኤክስ ራሱ ነው። የኤክስ ግማሽ ዴሪቬቲቭ፣ የኤክስ ስኩዌር ሩት ሲካፈል ለ0.8862 ነው። ይህ 0.8862 የመጣው ከጋማ ፈንክሽን ነው፤ ፋክቶሪያልን ለክፍልፋይ ቁጥር የሚያራዝመው ማለት ነው። ኤክስ 1 ላይ ሲሆን መልሱ 1.1284 ይሆናል። ባገኛችሁት ላይ ግማሹን አንዴ ድገሙት፤ 1 ይወጣል። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ሆነ፤ የኤክስ አንደኛ ዴሪቬቲቭ እኮ 1 ነው።

ይህ ስሌቱ ነው። ስሜቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያደግኩት ፒያሳ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ቀን ፀሐይ የመታው ግድግዳ ማታ እጃችሁን ስታሳርፉበት ይሞቃል። አሁን ወደ ግድግዳው የሚገባው ወይም ከእሱ የሚወጣው ሙቀት፣ የግድግዳው ፊት አሁን ስንት ዲግሪ እንደሆነ በማወቅ ብቻ አይታወቅም። ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ሲለዋወጥ እንደዋለ ማወቅ አለባችሁ። ግድግዳው ወፍራም ከሆነና ሙቀቱ ገና ሌላኛው ፊት ካልደረሰ፣ የሙቀቱ ፍሰት የፊቱ ሙቀት ግማሽ ዴሪቬቲቭ በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ ከሙቀት እኩልታው በቀጥታ የሚወጣ ነው።

ተራው ዴሪቬቲቭ የሚያየው አሁንን ብቻ ነው። ክፍልፋዩ ከመነሻው ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ ይደምራል፤ ለቅርቡ ብዙ፣ ለሩቁ ትንሽ ክብደት እየሰጠ። በ1940ዎቹ ስኮት ብሌር የተባለ ተመራማሪ አይብና ሊጥ የመሳሰሉ ነገሮችን ሲያጠና ወደዚህ ሒሳብ የሄደው ለዚህ ነው። ሊጥ ሙሉ ፈሳሽ አይደለም፣ ሙሉ ጠጣርም አይደለም። እንዴት እንደታሸ ያስታውሳል። ሊጥ ያቦካ ሰው ይህን ለመረዳት ሪማንን አይጠብቅም።

እርምጃ 2፦ አንዴ በእጃችሁ ስሩት

ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት፤ አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የግሩንቫልድ–ሌትኒኮቭ ዘዴ ክብደቶች አሉት። የመጀመሪያው ክብደት ሁልጊዜ 1 ነው። ቀጣዩን ለማግኘት ኦርደሩ ላይ 1 ትደምራላችሁ፣ በተራ ቁጥሩ (የመጀመሪያው 0፣ ቀጣዩ 1 ተብሎ ሲቆጠር) ታካፍላላችሁ፣ ያንን ከ1 ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ በፊተኛው ክብደት ታባዛላችሁ። ኦርደሩ 0.5 ሲሆን እንዲህ ይወጣል፦ 1፣ −0.5፣ −0.125፣ −0.0625፣ −0.0391።

አሁን የኤክስን ግማሽ ዴሪቬቲቭ 1 ላይ እንፈልግ። ስቴፑ 0.25 ይሁን። ከ1 ወደ ኋላ ስንቆጥር ዋጋዎቹ 1፣ 0.75፣ 0.5፣ 0.25፣ 0 ናቸው። እያንዳንዱን ከክብደቱ ጋር አባዙ፦ 1፣ −0.375፣ −0.0625፣ −0.0156፣ 0። ድምሩ 0.5469 ነው። ለስቴፑ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ0.5፣ አካፍሉት። 1.0938።

ትክክለኛው 1.1284 ነበር። በአምስት ቁጥር ይህን ያህል መቅረብ አይናቅም።

ኦርደሩን 1 አድርጋችሁ ክብደቶቹን ደግማችሁ አውጡ። 1፣ −1፣ 0፣ 0፣ 0። ትውስታው ጠፋ! የቀረው ያው የምናውቀው የሁለት ነጥብ ልዩነት ነው። ኮድ ስትጽፉ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ይሁን። ኦርደሩ 1 ሲሆን ኮዳችሁ ወደ ተራው የኦይለር ዘዴ (ቀጣዩን ነጥብ ከአሁኑ ነጥብና ከስሎፑ ብቻ ወደሚያሰላው) ካልተመለሰ ሌላ ነገር አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ስህተቱን ፈልጉ።

እርምጃ 3፦ ፔፐሩን ከስዕሉ ሳይሆን ከትርጉሙ ጀምራችሁ አንብቡ

ስዕሉን በወረቀት ሸፍኑት። የምሬን ነው። መጀመሪያ መልስ የምትፈልጉላቸው ጥያቄዎች አሉ።

የትኛው ዴሪቬቲቭ ነው? «ክፍልፋይ ዴሪቬቲቭ» ሲባል አንድ ነገር አይደለም። የሪማን–ሊዩቪል ትርጉም ላይ የቋሚ ቁጥር ግማሽ ዴሪቬቲቭ ዜሮ አይሆንም። ካፑቶ በ1967 ያቀረበው ላይ ግን ዜሮ ነው፤ መነሻ ዋጋውም እንደለመድነው «ሲነሳ እዚህ ነበር» ተብሎ ይሰጣል። ዳይናሚካል ሲስተም (በጊዜ የሚለዋወጥ ሲስተም) የሚሰሩ ሰዎች በብዛት ካፑቶን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ፔፐሩ የትኛውን እንደተጠቀመ ካልነገራችሁ፣ እዚያው ጋ ጥያቄ ምልክት አድርጉ።

ከ2015 ወዲህ ደግሞ አዳዲስ መጥተዋል። ካፑቶና ፋብሪዚዮ በ2015፣ አታንጋናና ባሌአኑ በ2016 ያቀረቧቸው አሉ። ለየት የሚያደርጋቸው፣ የክብደቱ ፈንክሽን አሁን ላይ ሲደርስ ወደ ላይ አይተኮስም፤ ልከኛ ሆኖ ይቆያል። ብዙ ፔፐር ወጣባቸው፤ አንድን የታወቀ ሞዴል ወስዶ ዴሪቬቲቩን ብቻ መቀየር ቀላል ነውና። በ2020 ዲተልም፣ ጋራፓ፣ ጁስቲና ስታይንስ እነዚህን ዴሪቬቲቮች መጠቀም አይገባም ብለው ጻፉ። ከክርክራቸው አንዱ፣ ጊዜ ዜሮ ላይ መነሻ ዋጋው ላይ ያልተፈለገ ገደብ ይጭናሉ የሚል ነው። ክርክሩ አልበረደም። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ካፑቶ ይበቃል። ሌላውን የምትመርጡ ከሆነ «ለምን?» ሲባል መልስ ይኑራችሁ። «አዲስ ስለሆነ» መልስ አይደለም።

ዩኒቱስ? ይህቺን ብዙ ሰው ይስታል። የበሽታ ስርጭት ሞዴል ላይ የመተላለፊያ መጠኑ «በቀን» ይለካል። የዴሪቬቲቩን ኦርደር 0.9 ስታደርጉት የግራው ጎን ዩኒት ተቀየረ። የቀኙ በቀድሞው ቁጥር ከቀጠለ ድንችና ሽንኩርት እየደመራችሁ ነው።

ከዚያ መነሻ ዋጋ፣ ስቴፕ፣ የቆይታ ጊዜ፣ የስሌት ዘዴ። አራቱም ተጽፈው ካልሆነ ስዕሉን ማንም ደግሞ ሊያወጣው አይችልም። የልጅቷ ፔፐር ላይ ስቴፑ አልተጻፈም ነበር። 0.01 የመረጠችው «ሁሉም የሚያደርገው እሱን ስለሆነ» ነው።

እርምጃ 4፦ ኮዱን ራሳችሁ ጻፉት

የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ፣ ጥሩዎቹም ብዙ ናቸው። ቢሆንም የመጀመሪያውን ራሳችሁ ጻፉት። ከአርባ መስመር አይበልጥም።

አካሄዱ ለካፑቶ እንዲህ ነው። ክብደቶቹን አንዴ አስልታችሁ አስቀምጡ። በየስቴፑ ያለፉትን ዋጋዎች ሁሉ ከመነሻው ቀንሱ፣ በክብደታቸው አባዙና ደምሩ፤ ቅርቡ ከሁለተኛው ክብደት ጋር፣ ከእሱ በፊት ያለው ከሦስተኛው ጋር፣ እያለ። አዲሱ ዋጋ ማለት መነሻው፣ ሲደመር የእኩልታው ቀኝ ጎን በስቴፑ (በኦርደሩ ፓወር ከፍ ብሎ) ተባዝቶ፣ ሲቀነስ ያ ድምር ነው። ቀኝ ጎኑን በፊተኛው ነጥብ ላይ አስሉት። ድምሩን በፎር ሉፕ አታድርጉት፤ በኑምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) አንድ ላይ አባዙት። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሎሬንዝ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መልሱ የታወቀ ነገር ላይ ፈትኑት። ግማሽ ዴሪቬቲቩ ከራሱ ኔጌቲቭ ጋር እኩል የሆነ፣ ከ1 የሚነሳ ፈንክሽን። ጊዜ 1 ላይ መልሱ 0.4276 ነው። ስቴፑን እያሳነሳችሁ ወደዚያ መቅረብ አለበት።

ይህቺ ቁጥር ራሷ ትንሽ ቆም ያሰኛል። ተራው ዴሪቬቲቭ ቢሆን መልሱ 0.3679 ነበር፤ ብዙም አይራራቅም። ጊዜ 25 ላይ ግን ተራው ወደ 14 ትሪሊዮንኛ ገደማ ወርዶ ጠፍቷል። የግማሹ ገና 0.1107 ላይ ነው። የጭቃው ግድግዳ ይኸው።

እርምጃ 5፦ ከማስላታችሁ በፊት ምን እንደምትጠብቁ እወቁ

አሁን ሎሬንዝ። የ1963ቱ ሲስተም ሦስት እኩልታ አለው፤ የተለመዱት ቁጥሮች 10፣ 28 እና 8/3 ናቸው። የሁለቱ ክንፎች መሃል አንዱ 8.49፣ 8.49፣ 27 ላይ ነው። ሌላኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ኔጌቲቭ የሆኑበት ነው።

ናፕኪኑ ላይ የሰራነው ይህን ነው። በዚያ መሃል ላይ ሲስተሙን ሊኒየር አድርጋችሁ አይገን ቫልዩ (ከነጥቡ ትንሽ ቢርቁ ወደየት እንደሚኬድ የሚናገሩት ቁጥሮች) ብታወጡ፣ አንዱ −13.85 ነው። ሁለቱ ኮምፕሌክስ ናቸው፤ ሪያል ክፍላቸው 0.094፣ ኢማጂነሪው 10.19 ገደማ። በተራው ካልኩለስ ሪያሉ ፖዘቲቭ ከሆነ አለቀ፤ ነጥቡ ይገፋል፣ አይስብም። በክፍልፋዩ ግን ማቲኞን በ1996 ያሳየው ሌላ መለኪያ አለ። የሚታየው አይገን ቫልዩው ከፖዘቲቭ ሪያል አክሲስ ጋር የሚሰራው አንግል ነው። ወሰኑ ኦርደሩ በ90 ዲግሪ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ የሁሉም አይገን ቫልዩዎች አንግል ከዚያ ከበለጠ ነጥቡ ይስባል።

የእኛ አንግል 89.47 ዲግሪ ነው። ኦርደሩ 0.98 ሲሆን ወሰኑ 88.2 ዲግሪ ይሆናል። 89.47 ይበልጣል፤ ስለዚህ መሃሉ ይስባል። ልጅቷ የጀመረችው ከ8፣ 8፣ 27 ነበር፤ ከመሃሉ አጠገብ። እየተጠመዘዘ መግባት ነበረበት። የ0.001ዱ ስዕል ትክክል ነበር።

ታዲያ በ0.01 ቢራቢሮው ከየት መጣ? ከዘዴው። ይህ ቀላል ዘዴ በሚዞር ነገር ላይ በየዙሩ ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋል። መሃሉ ወደ ውስጥ የሚስበው በአንድ የጊዜ አሃድ 0.24 ገደማ በሆነ መጠን ነው። ስቴፑ 0.01 ሲሆን የዘዴው ግፊት ወደ 0.6 ይጠጋል። ግፊቱ አሸነፈ። ስቴፑ 0.001 ሲሆን ግፊቱ 0.06 ብቻ ነው፤ ስበቱ አሸነፈ። ያ ቢራቢሮ የኮምፒውተሩ እንጂ የእኩልታው ልጅ አልነበረም።

አንድ ጥንቃቄ። ይህ መለኪያ የሚናገረው ስለ ነጥቡ አካባቢ ብቻ ነው። ከሩቅ የሚነሳ መስመር ሌላ ቦታ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት መነሻ ሞክሩ፤ አንዱ መሃሉ አጠገብ፣ አንዱ ዜሮ አጠገብ፣ አንዱ ራቅ ያለ።

እርምጃ 6፦ ትውስታው ዋጋ እንዳለው አትርሱ

ቆይታው 50፣ ስቴፑ 0.01 ከሆነ 5,000 ስቴፕ አለ። እያንዳንዱ ወደ ኋላ ሁሉንም ስለሚደምር፣ ለአንድ እኩልታ 12.5 ሚሊዮን ማባዛት ነው። ስቴፑን 0.001 ስታደርጉት 1.25 ቢሊዮን። ስቴፑ በአስር አነሰ፣ ስራው በመቶ በዛ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ስሌት ማታ ለኩሼው ተኛሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ባትሪውም አለቀ። «ግድ የለም» አልኩ፤ በየጊዜው የመጨረሻውን ነጥብ ፋይል ላይ እያስቀመጥኩ ነበር። ጠዋት ከዚያ ነጥብ አስነስቼ ቀጠልኩ። ከርቩ ላይ መገጣጠሚያው ጋ ስብራት ታየ። ሁለት ቀን ስህተት ስፈልግ ዋልኩ።

ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ተራ እኩልታ ቢሆን የመጨረሻው ነጥብ ይበቃ ነበር። ይህኛው ግን ያለፈውን ሁሉ ይፈልጋል። ከመሃል ስታስነሱት ያለፈ ታሪክ የሌለው ሌላ ሲስተም ነው የምታስነሱት። ስለዚህ ሙሉ ታሪኩን አስቀምጡ። አሁን ትልቅ ስራ ሲኖረኝ ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው የምሄደው፤ ታሪኩን ግን እዚያም ሙሉውን አስቀምጣለሁ።

ከሩቁ ያለውን ቆርጦ የቅርቡን ብቻ መደመርም ይቻላል፤ «አጭር ትውስታ» ይሉታል። ጊዜ ይቆጥባል። ኬዎስ ውስጥ ግን የተቆረጠው ጥቂት ነገር ያድጋል። ሎሬንዝ ራሱ በ1961 0.506127ን 0.506 ብሎ ቢያስገባ የአየር ጠባይ ስሌቱ ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ። ከቆረጣችሁ፣ የቆረጣችሁትን ርዝመት እጥፍ አድርጋችሁ ስዕሉ መቀየር አለመቀየሩን እዩ።

እርምጃ 7፦ «ኬዎስ» ወይም «ፔሪዮዲክ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ስቴፑን ግማሽ አድርጉ። ከዚያም ግማሽ። ነጠላው መስመር ይለያይ፣ ግድ የለም፤ ኬዎስ ውስጥ ይለያያል። ቅርጹ ግን መቆየት አለበት። ቅርጹ ከተቀየረ ያያችሁት ስቴፑን ነው።

«ፔሪዮዲክ ኦርቢት አገኘን» የሚል ካያችሁ ተጠራጠሩ። ታቫዞይና ሀኤሪ በ2009 እንዳሳዩት፣ ከተወሰነ ጊዜ የሚነሳና እኩልታው ራሱ በጊዜ የማይቀየር ክፍልፋይ ሲስተም በትክክል የሚደጋገም መልስ ሊኖረው አይችልም። ወደ ድግግሞሽ ሊጠጋ ይችላል፤ ራሱን ግን አይደግምም። ትውስታ ያለው ነገር ሁለተኛውን ዙር እንደ መጀመሪያው አድርጎ አይዞርም። ሊያፑኖቭ ኤክስፖነንትም (ሁለት ተቀራራቢ መነሻዎች ምን ያህል በፍጥነት እንደሚራራቁ የሚለካው) ለተራ እኩልታ የተጻፈ ኮድ ተበድራችሁ ከሆነ የሰራችሁት፣ ቁጥሩን ጽሑፋችሁ ውስጥ ለማስገባት አትቸኩሉ። ያ ኮድ ሲስተሙ አሁን ያለበትን ነጥብ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዘዴውን መቼ ትቀይራላችሁ? ዲተልም፣ ፎርድና ፍሪድ በ2002 ያቀረቡት ፕሬዲክተር–ኮሬክተር አለ፤ ከዚህኛው ይሻላል። ፈጣን ፉሪየር ትራንስፎርምን ተጠቅመው ድምሩን የሚያፋጥኑም አሉ። ይህን እርምጃ መጀመሪያ ላይ ያላስቀመጥኩት፣ ቀላሉ ሲበላሽ ያላየ ሰው ከባዱ ለምን እንዳስፈለገ ስለማይገባው ነው።

ልጅቷ ናፕኪኑን እያየች ዝም ብላ ቆየች። ወሰኑን ራሷ አሰላችው። 89.47 ሲካፈል ለ90፣ 0.9941።

«እሺ ጋሼ፣ ልክ 0.994 ላይስ? ከወሰኑ በታች ነው፣ ይስባል ማለት ነው?»

«ይስባል። ግን በስንት?»

አስልተነው 0.002 ገደማ ሆነ። ስበቱን ለማየት ቆይታው 500 መድረስ አለበት። የዘዴው ግፊት ከስበቱ እንዲያንስ ደግሞ ስቴፑ ከ0.00004 በታች ይሁን። 12.5 ሚሊዮን ስቴፕ። ለአንድ እኩልታ ከ78 ትሪሊዮን በላይ ማባዛት።

ቻርጀሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሶኬት ፈለገች። ከዚያ ቁጥሩን አንዴ ደግማ አየችና መልሳ ከተተችው።

«የ2002ቱን ፔፐር ይላኩልኝ» አለች።